በጆሮ የተጠና ማትሪክ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፤

ሰላም ለኪ ወለኵሉ ቤትኪ። አገሩ ቢርቅም በየቅዳሴው ስምሽን ከቤተ ዘመዱ ጋር ሳነሣ አጠገቤ ያለሽ ይመስለኛልና፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየንም፤ ቆመን እንሄዳለን።

ይህ ሰው ከየት መጣ እንዳትዪ ራሴን ላስታውስሽ። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ነኝ። ሴት አያትሽ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ከጃናሞራ ለትምህርት ስመላለስ ዳባት እናትሽ ዓለምዬ ቤት ነበር የማድረው። አንቺ ያን ጊዜ የወተት ጥርስሽን እየነቀልሽ ነበር፤ እኔ ሳዜም ከኋላዬ ተቀምጠሽ እየተከተልሽ ታዜሚ ነበር። አሁን ደባርቅ ሆኜ ዜማ አስተምራለሁ።

ገንዘብ ሊለምን ነው እንዳትዪ። ምክር ፈልጌ ነው።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ጽጌሬዳ ትባላለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። አምና ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት እንደተዘጋ ዓመቱ አለፈ። ዘንድሮ ተከፍቷል፤ ለነገው ግን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገርም። ልጅቷ ሐኪም ካልሆንኩ ብላለች። ሕክምና የሚገባው ማትሪኩን ያለፈ ሁሉ ሳይሆን ከሁሉ በላይ ያመጣው ነው ይሉኛል። ከዚህ ከእኛ አገር ደግሞ ማለፉ ራሱ ብርቅ ሆኗል።

አንዱ መምህሯ ጎንደር ወስደህ ማጠናከሪያ አስገባት ይለኛል። ሌላው መንገዱን አትመነው፣ እዚሁ ከጓደኞቿ ጋር ታጥና ይላል። እርሷ ደግሞ ብቻዬን ነው የማጠናው ብላ ከማንም ጋር መቀመጥ ትታለች። እኔ የማውቀው የቃል ትምህርት ነው፤ የዚህን ፈተና ጠባይ አላውቅም። አንቺ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሪ፣ ሐኪሞቹንም መንገዱንም የምታውቂ ነሽ። ምን ይሻላል ትያለሽ? መጽሐፍ ካለም ላኪልን።

ደብዳቤውን አሻግሬ ይዞታል። ቱሪስት ወደ ስሜን ተራራ፣ ወደ ጨነቅ ይመራ የነበረ ሰው ነው፤ ያ ሥራ ስለቆመ አሁን ቅመም እየነገደ አዲስ አበባ ይመላለሳል። እዚያ ሲደርስ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። እዚህ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልኩም ሲሻው ነው።

ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ


ሃኖቨር፣ ጀርመን፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ መሪጌታ፤

ከሩቅም ቢሆን ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ቆሜ አነበብኩት። እንዴት እረሳዎታለሁ ጋሼ? ድምፅዎ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም እዚህ ካሉት ወጣት ሐኪሞች ጋር ቁጭ ብዬ ጠይቄልዎታለሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ሽምደዳ ይቅር። ልጅቷ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ብትይዘው አይጠቅማትም። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ትሥራ፣ ሰዓት ይዛ ትሥራ፣ የተሳሳተችውን ለምን እንደተሳሳተች ትጻፍ። ብቻዬን ማለቷን ደግሞ አልወደድኩላትም። ብቻውን የሚያጠና ሰው የማያውቀውን አያውቅም።

ጎንደር የሚለውን መንገዱ ሰላም ከሆነ ብቻ። እስከዚያ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው አንድ ታብሌት ልኬያለሁ፤ አሻግሬ ይቀበለዋል። ኢንተርኔት እንዳያስፈልጋት የፊዚክሱንም የባዮሎጂውንም ቪዲዮ ሞልቼበታለሁ። ሥዕሉ እየተንቀሳቀሰ ያስረዳል፤ ልብ ደም ሲረጭ ሁሉ ይታያል። በጣም ትወደዋለች።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ጽጌሬዳ በገዛ እጇ ትጻፍልኝ። የሚከብዳትን ትምህርት ከራሷ ልስማ።

እናቴን ሲያገኙ ሳሙልኝ። ደኅና ያክርመን።

ልጅዎ ኤልሳቤጥ


ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፤

በጥምቀቱ በረከት ይባርክሽ፤ የላክሽው ሁሉ በሰላም ደርሷል። ጽጌሬዳ ታብሌቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

ስለ ሽምደዳው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሸመደድኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ በቃልህ ያልያዝከው ያንተ አይደለም። ግን ፈተናው የሌላ አገር ፈተና ነውና ምክርሽን ተቀብያለሁ።

አሁን ሌላ ልጠይቅሽ፤ እንዳትሰለቺኝ። ሥዕሉ ቀርቶ ድምፅ ብቻ ይገኝ ይሆን? መጽሐፉን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ድምፅ። የመንግሥቱን የመማሪያ መጽሐፍ፣ በተለይ ባዮሎጂውንና ኬሚስትሪውን። ሥዕሉንም ቢሆን ሰው በቃል እየነገረ ቢያስረዳው፤ ይህ በስተቀኝ ነው፣ ያኛው ከሥሩ ነው እያለ። እንዲህ ያለ ካለ እርሱን ላኪልን፤ ታብሌቱን ለሌላ ተማሪ ብንሰጠው ቅር አይበልሽ።

ጽጌሬዳ ያልጻፈችልሽ ፈተና ስለበዛባት ነው። መብራቱም ሄዶ ይሰነብታል። ሰላም በይልኝ ብላለች።

እናትሽ ደኅና ናት። አሻግሬ ሲያልፍ አይቷታል፤ ግቢዋን እየጠረገች ነበር።

አጎትሽ መሪጌታ


ሃኖቨር፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ መሪጌታ፤

በጾሙ ጸሎትዎ አይለየኝ። ተቀይሜ ነው የምጽፈውና ይቅር ይበሉኝ።

ያንን ታብሌት ስሞላ ብዙ ደክሜበታለሁ። ሥዕል አንፈልግም፣ ድምፅ ላኪ አሉኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ልጅቷ አንድ መስመር ጻፊልኝ ብላት አትጽፍም። መብራት ጠፋ ማለት ቀን ላይ አይጻፍም ማለት ነው? ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ከጓደኞቿ ጋር አታጠናም አሉኝ። እኔ እዚያው አገር ነው ያደግኩት ጋሼ። ሴት ልጅ እንዲህ ዝም ስትል ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

እውነቱን ይንገሩኝ። ልትድሯት ነው? ቀኑ ተቆርጧል? ከሆነ እኔን ስለ ፈተና ማማከሩ ለምን አስፈለገ?

የጠየቁኝን ግን አልከለከልኩም። ሁለት የባዮሎጂ ምዕራፍ ራሴ አንብቤ በድምፅ ቀድቼ ለአሻግሬ ስልክ ልኬያለሁ። እንግሊዝኛዬን ጀርመንኛው አበላሽቶታል፤ ትታገሠኝ።

ኤልሳቤጥ


ደባርቅ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፤

የቁጣሽን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ለማያውቃት ዘመዱ እንዲህ ከተቆጣ ዘመድ ገና አላለቀም ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ልድራት አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ። ጽጌሬዳ ዓይኗ እየጠፋ ነው።

ጨርሶ አልታወረችም። ሰው መቆሙን ታያለች፤ ማን መሆኑን አታይም። መጽሐፉን አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ አንድ መስመር ታነብና ሁለተኛው ላይ ፊደሉ ጥላ እያወጣ ይደራረብባታል። አንዱ መብራት ብዙ መብራት ይሆንባታል። ከልጅነቷ ዓይኗን ያሳክካት ነበር፤ አቧራ ነው፣ ፀሐይ ነው እያልን በውኃ እያጠብን ዝም አልነው። መነጽርም ሞክረንላት ነበር፤ ምንም አልለወጠላትም።

እኔ የደረስኩበት አምና በቅዳሜ ገበያ ነው። በፊት ለፊቴ መጥታ ሳትስመኝ አለፈችኝ። ሰው ሁሉ ሲያይ ተናደድኩ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አልፈሽ ትሄጃለሽ?» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄን ስትሰማ ደርቃ ቀረች።

«አባዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«ድምፅዎን ስሰማ ነው ያወቅሁዎት» ብላ እዚያው እግሬ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ በፊት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጥ ነበር። ደብተሩም ሲደበዝዝባት እንዳይነቃባት ከጓደኞቿ ራቀች። ብቻዬን አጠናለሁ ያለችው ለዚህ ነው።

ርእሰ መምህሩን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅሁት። «ዓይኗ ካልሆነላት ማየት እንደተሳናት አስመዝግቧት፤ አንባቢ ይመደብላታል» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጠለና «ግን ወደ ማኅበራዊ ሳይንሱ ትዛወራለች። የፊዚክሱን ሥዕል ማን ያነብላታል? ሕክምናማ ቀረ በሏት» አለ። ይህን ስነግራት ለማንም እንዳልናገር በእናቷ አጥንት አስማለችኝ። አሁን ለአንቺ ስጽፍ መሐላዬን ማፍረሴ ነው።

እንግዲህ የማነብላት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ኤ ቢ ሲ ቆጥሬያለሁ። ትርጉሙን አላውቀውም፤ የፊደሉን ድምፅ ብቻ እጠራለሁ፣ እርሷ ትሰማና ቃሉን ታቀናዋለች። አንድ ቀን «ክኒ» ብዬ አነበብኩ። «ኒ ነው አባዬ፣ ጉልበት ማለት ነው፤ ኬዋ አትነበብም» አለችኝ። «የማትነበብ ከሆነ ለምን ጻፏት?» ስላት ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ያነበብኩላትን አትረሳም። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ከሰማች ይዛዋለች። ሥዕሉን ግን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ኩላሊት የተባለውን ሥዕል እያየሁ «ባቄላ ይመስላል፣ መሐሉ ላይ ቧንቧ አለ» አልኳት። ቧንቧዎቹ ብዙ ናቸው፤ የትኛው ገቢ፣ የትኛው ወጪ እንደሆነ አላውቅም። ያንቺ ድምፅ የደረሰ ዕለት የታብሌቱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስኪመሽ አላወለቀችውም።

ፈተናው ሐምሌ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ዓይኗን ላስመዝግብና ሕክምናው ይቅር? ወይስ ደብቄ ላስፈትናት? ጎንደር ለዓይኗ ልውሰዳት ብልም መንገዱ ሦስት ቀን ከተከፈተ ሳምንት ይዘጋል። ጨንቆኛል ልጄ። ቆሜ ሳዜም እንኳ የሚቀጥለው ይጠፋኛል።

መሪጌታ


ሃኖቨር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ ለአባቴ፤

ስለ መዳሩ የጻፍኩትን ከልብዎ ይፋቁልኝ። አፍሬያለሁ።

የጻፉልኝን እንዳለ ተርጉሜ በዓይን ክፍል ለምትሠራ ሐኪም አነበብኩላት። ሳላያት ይህ ነው አልልም አለችኝ። ግን የምትጠረጥረው በሽታ አለ። የዓይን ብሌን፣ ከፊት ያለው መስታወቱ ማለት ነው፣ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ወጣቶችን ነው የሚይዘው። ዓይናቸውን የሚያሹትን ይብስባቸዋል። ስለዚህ ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓይኗን እንዳታሽ። ሲያሳክካት በቀዝቃዛ ውኃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ታድርግበት እንጂ እጇን አትስደድ።

በመነጽር አይቃናም፤ ለዚህ ነው ያልለወጠላት። ጠንካራ ሌንስ የሚባል አለ፣ ዓይን ላይ የሚቀመጥ፤ እርሱ ከሆነላት ፊደል ልታይ ትችላለች። ከዚህ ልኬ አይሆንም፤ ዓይኗ ተለክቶ ነው የሚሠራው። ከቆየ ግን ብሌኑ ውስጡ ሊሰነጠቅና ውኃ ሊገባበት ይችላል አለችኝ። ያኔ ሌንሱም አይረዳም።

የጠየቁኝን መልሴን ይስሙ። ዓይኗ ይቅደም። ፈተናው በየዓመቱ አለ። መንገዱ የተከፈተ ቀን ይዘዋት ይውጡ። ጎንደር የዓይን ሕክምናው ጋ በስልክ ደውዬ ቀጠሮ እይዝላታለሁ።

እስከዚያ ባዮሎጂውን ጨርሼ፣ ኬሚስትሪውን ጀምሬያለሁ። በባቡር ስሄድም፣ ልብስ ስተኩስም አነባለሁ። የኩላሊቱን ሥዕል ገቢና ወጪውን ለይቼ ነግሬያታለሁ፤ ያዳምጡት፣ እርስዎም ይገባዎታል።

ልጅዎ ኤልሳቤጥ


ሃኖቨር፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ቀጠሮው ሰኔ 26 ነው። ይህን በስልክ ለእናቴ ተናግሬያለሁ፤ መልእክቱ ደርሷችሁ እንደሆነ አላውቅም። አሻግሬም አልተገኘም። የእናቴ ስልክ ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ደባርቅ ተኩስ ነበር ሲባል ሰማሁ፣ ዳባትም እንደዚያው። የሰማሁት እውነት ይሁን ውሸት የሚነግረኝ ሰው የለም።

አንድ ቃል ብቻ ላኩልኝ። አለን በሉኝ።

ኤልሳቤጥ


ደባርቅ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፤

አለን። እናትሽም አለች። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልሽ፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

የቀጠሮው መልእክት ደርሶናል። ቀኑ ሲቃረብ ጽጌሬዳን ይዤ ተነሣሁ። ዳባት ስንደርስ ወደ ፊት የለም ተባለና ከመኪናው አወረዱን። እናትሽ ቤት ገባን። ተኩሱ ከከተማው ወዲያ ሲንጣጣ በሩን ዘግተን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ያንን ሁሉ ጊዜ ማዳመጫሽን ከጆሮዋ አልነቀለችም። «አትፈሪም?» ስላት «እኅት ኤልሳቤጥ ስታነብልኝ ተኩሱ አይሰማኝም» አለችኝ።

መንገዱ ሲከፈት ሁለት ወሬ አብሮ መጣ። ጎንደር መሄድ ይቻላል። ደባርቅ ደግሞ ተፈታኞቹን ወደ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው አውቶቡስ በማግስቱ ይነሣል፤ ያልተገኘ ቀረ። ግቢው ውስጥ ሦስታችን ቆምን።

«መኪናው ጎንደር ይሄዳል፤ ተነሺ» አልኳት።

«አባዬ፣ ወደ ደባርቅ እንመለስ።»

እናትሽ ጣልቃ ገባች። «ዓይን ይቅደም ልጄ። ኤልሳቤጥም ያለችው ይህንኑ ነው። ፈተናው ለከርሞ ይደርሳል።»

«እትዬ፣ ለከርሞ ትምህርት ቤቱ እንደሚከፈት ማን ዋስ ይሆነኛል? አምናም ለከርሞ ተብዬ ነበር። አሁን የያዝኩትን ሁሉ በጆሮዬ ነው የያዝኩት፤ ፊቴ ላይ ያለ መጽሐፍ የለኝም። ዓመት ከቆየብኝ ይፈስብኛል።»

እናትሽ ፊቷን አዞረች። እኔ አባት ነኝ፤ ክንዷን ይዤ ወደ ጎንደር መኪና ልጎትታት እችል ነበር። አልቻልኩም። ሰው ልጁን ዓይንሽን አስቀድሚ ብሎ ማዘዝ እንዴት ያቅተዋል ትዪ ይሆናል። አቃተኝ ልጄ። ወደ ደባርቅ ተመለስን።

ፈተናውን የነገረችኝ እርሷ ናት። እንግሊዝኛውና ኬሚስትሪው ደኅና ሄደላት። ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ስታነብ ፈታኙ «ቀና በይ» አላት፤ ቀና ብላ ቆየችና ዞር ሲል ተመለሰች። ፊዚክሱ ላይ ሥዕሉ በዛ። መስመሮቹ ሁሉ እጥፍ ሆኑባት። የመጨረሻው ባዮሎጂ ነበር። ጥያቄዎቹን ሳነብ የሚሰማኝ የእኅት ኤልሳቤጥ ድምፅ ነው ትላለች፤ እጇ ሳይቆም ትሠራ ነበር። መሐል ላይ ቀኝ ዓይኗን እንደ እሾህ ወጋት። እንባው ወረቀቱ ላይ ወረደ። ጭጋግ ገባበትና ምንም አላሳያት አለ። አውጡኝ እንዳትል ያስመዘግቡኛል ብላ ፈራች። ቀኙን በመዳፏ ሸፍና በግራው ጥቂት ሠራች፤ የቀረውን እንዲያው በግምት አጠቆረች።

አውቶቡሱ ሲመልሳት ልቀበላት ወጣሁ። ቀኝ ዓይኗ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጥቷል። «አባዬ፣ የኩላሊቱ ጥያቄ መጥቶ ነበር» አለችኝ መጀመሪያ።

አሁን ቤት ውስጥ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተኝታለች። ብርሃን ያማታል። አንቺ ያልሽውን ባለማድረጌ ብትረግሚኝ እርግማኑ ይገባኛል። ብቻ ምን እንደማደርግ ንገሪኝ።

መሪጌታ


ሃኖቨር፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

መጀመሪያ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። ቁጣ ነበር። ሃኖቨር ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው። ያን ቀን እናቴ ግቢ ቆሜ ቢሆን እኔም ክንዷን አልይዝም ነበር።

ሐኪሟን ጠይቄያለሁ። የፈራችው እርሱ ነው የደረሰው። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። የቀኙ ተስፋ እንግዲህ ብሌን መቀየር ነው። አሁን የሚያስፈልገው ግራውን ማትረፍ ነው። ይውጡ ጋሼ። የጎንደር ቀጠሮ እንዲያድሱላት ለምኛለሁ፤ በመጣች ቀን እናያታለን ብለዋል።

እንድታሽ አይፍቀዱላት። ስትተኛም እጇን ይዩት።

ኤልሳቤጥ


ደባርቅ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፤

ከሩቅ ሆነሽ ለቤቴ ምሰሶ የሆንሽ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ዘግይቻለሁ፤ ጎንደር ከርመን መመለሳችን ነው።

ውጤቷ መጥቷል። አልፋለች። ከክፍሏ ያለፉት ጥቂት ናቸው፣ እርሷ አንዷ ናት። ለሕክምና ግን አይበቃም። ፊዚክሱና የባዮሎጂው መጨረሻ ወደ ታች ጎተቷት። ሌላ ትምህርት ይደርስሻል፣ ግቢ ብለዋታል። ውጤቱን ሳነብላት ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከትያት ሄድኩ። አጥሩን ይዛ ቆማ «እነዚያን ጥያቄዎች አውቃቸው ነበር አባዬ» አለች። «አውቃቸው ነበር» እያለች ደጋገመችው።

ጎንደር የግራ ዓይኗን ለክተው ጠንካራውን ሌንስ አሠሩላት። ሐኪሙ ራሱ አስገባላት። ለቅጽበት ዓይኗ አነባ፣ ጨፈነችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ገለጠችው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፊደል አንብቢ አላት፤ እስከ ታች አነበበችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ብዙ አየችኝ።

«አባዬ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጁት?» አለችኝ።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ፊቴን በደንብ ካየችው ስንት ዘመን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እንደገና እፈተናለሁ ብላለች። ዩኒቨርሲቲው ይቆይልኝ አለች። የገባሽበትን መማር አይሻልሽም ወይ፣ እኔ ስንት ዓመት እኖራለሁ ብዬ ተከራከርኳት፤ እናትሽም መክራታለች። አልሰማችም። ሌንሱን ቀኑን ሙሉ ማድረግ አትችልም፣ ይቆረቁራታል። ስለዚህ ሥዕሉንና ስሌቱን በሌንሱ፣ ንባቡን ግን እንደ ቀድሞው በጆሮዋ ልታደርግ ወስናለች። ዘንድሮም አንባቢዎቿ እኔና አንቺ ነን። ትምህርት ቤቱ እስካሁን አልተከፈተም፤ በግል ነው የምትመዘገበው፣ ምዝገባው ከተከፈተ።

የቀኝ ዓይኗን ተራ አስይዘውልናል። ብሌኑ የሚገኘው ከሞተ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ አላውቅም ነበር። ሐኪሙን «የእኔን አንዱን ውሰድና ስጣት» አልኩት። በቁሙ ካለ ሰው አይወሰድም አለኝ። ሰው በሕይወት ሳለ ስሞት ይወሰድ ብሎ ከፈረመ ነው። ፈራሚው ጥቂት፣ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ተሰናክሏል። ልጄ ትዳን ብዬ ስጀምር አንድ ሰው ይሙት ማለቴ ይመስለኛል። የማላውቀው ሰው፣ የሰው አባት። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እዚያ ስደርስ ዝም እላለሁ።

ጎንደርን ሳንለቅ ተመልሼ ሄጄ ፈረምኩ። አንዳንዱ የደብሩ ሰው ሰምቶ «መሪጌታ ሙሉ አካሉን ይዞ መቀበር ጠላ» ብሎኛል። ይበል። የፈረምኩት ለእርሷ አይደለም፤ እኔ እስክሞት በእግዚአብሔር ቸርነት ተራዋ ደርሶ ይሆናል። ግን የማላውቀው ሰው ካልፈረመ የእኔ ልጅ አታይም። የእኔም ዓይን የማላውቀው ሰው ልጅ ይድረሰው ብዬ ነው።

ለጽጌሬዳ ስነግራት ወጥታ ፊቷን ታጥባ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምዕራፍ ስድስት ላይ ነበርን» አለችኝ።

ቀኑ ሳይመሽ ላንብብላት። ሰላሙን ያብዛልሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ